ቃጫ፣ ሙጫና ቸርኬ

ቸርኬውን ከጨርቁ ፈትቼ ስሰጣቸው አዛውንቱ ሳይክል ሠሪ መጀመሪያ በሁለት እጃቸው መዘኑት። ቀጥለው ወደ ጆሯቸው አስጠጉና በጣታቸው አንጓ አንኳኩት። እናቶች ገበያ ወጥተው ጀበና ሲመርጡ የሚያደርጉትን ነው ያደረጉት፤ ደህናው ሸክላ ይጮሃል፣ ውስጥ ለውስጥ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል።

«ልጄ፣ ይሄ ብረት አይደለም» አሉኝ።

«አይደለም ጋሼ። አሉሚኒየምም አይደለም። ካርቦን ይሉታል።»

«ሲጣመም በምን አቃናልሃለሁ?»

«አይጣመምም። ወይ እንዳለ ይቆያል፣ ወይ ይሰነጠቃል።»

ሌላኛውን ጎን አዙረው እንደገና አንኳኩ። «ታዲያ ምን አግኝተህበት ነው?»

ሐዋሳ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር የተጠየቅኩትን ይህን ጥያቄ በቅጡ ለመመለስ ዓመታት ወስዶብኛል። የዚያን ቀን «ቀላል ነው» ብዬ ነበር የመለስኩት። ቀላል መሆኑ እውነት ነው። የገዛሁበት ምክንያት ግን ያ ሊሆን አይገባም ነበር፤ ለምን እንዳልሆነ ላስረዳ።

ሐዋሳ ሳይክል ለማያውቅ ሰው የምትመች ከተማ ናት። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በሐይቁ ዳር ስትቆረቆር በሜዳ ላይ በሰፋፊና ቀጥ ባሉ መንገዶች ስለተነደፈች፣ ባጃጅ ከመብዛቱ በፊት ተማሪውም መምህሩም ዓሣ ነጋዴውም በሳይክል ነበር የሚንቀሳቀሰው። በሰዓት ተከራይቶ መንዳት ያልተማረ የሐዋሳ ልጅ ማግኘት ይከብድ ነበር። ለዚያ ሜዳ ማንኛውም ቸርኬ ይበቃል። ነገሩ የሚለወጠው አስፋልቱን ለቅቆ ወደ ታቦር ተራራ ሲወጣ፣ ወይም በደቡብ በኩል ወዳለው አላሙራ ሲታጠፍ፣ ወይም የወንዶ ገነትን አቅጣጫ ይዞ በእንሰትና በቡና ማሳ መካከል ባሉ የእግር መንገዶች ሲገባ ነው። እዚያ መሬቱ ራሱ ቸርኬ ይመርጣል።

የእኛ መሬት የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ የተኛበት ጎድጓዳ ቦታ ጥንታዊ የፈነዳ እሳተ ገሞራ ገበታ ሲሆን፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል ያለው ኮርቤቲ ደግሞ በውስጡ ገና ያልበረደ ነው። ከዚህ የወረስነው ሁለት ዓይነት ድንጋይ አለ። አንዱ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ነው፤ ተፈጭቶ አመድ የመሰለ አፈር ይሆንና በበጋ ጎማውን ውጦ ያንሸራትታል። ሌላው ባልጩት ነው። ቆዳ ፋቂዎች ለሺህ ዓመታት ምላጭ ያደረጉት ጥቁር መስታወት የጎማን ጎን ቢያገኝ አይምርም። በዚህ ላይ የግራርን እሾህ ጨምሩበት።

እንግዲህ ስለ ቸርኬ ስናወራ ስለዚህ አፈር፣ ስለዚህ ድንጋይና ስለዚህ እሾህ እያወራን ነው።

ካርቦን ምን እንደሆነ ለሲዳማ ሰው ማስረዳት ለሌላው ከማስረዳት ይቀላል፤ ቃጫ ያውቃልና። እንሰት ተፍቆ ቆጮው ሲለይ የሚቀረው ነጭ ክር አንድ በአንድ ሲታይ ከንቱ ይመስላል። ቢያስሩበት ግን በሬ ይይዛል። ቃጫ ሲጎተት ብርቱ ነው፤ ሲገፋ ግን ይታጠፋል፣ ብቻውን አይቆምም። አሁን ያንን ቃጫ አሰልፋችሁ በሙጫ ነክራችሁ በቅርጽ ውስጥ ብታደርቁት፣ ክሩ ጉልበቱን ይሰጣል፣ ሙጫው ቅርጹን ይይዛል። የካርቦን ቸርኬ ይኸው ነው። ክሩ ከሰው ፀጉር አሥር ጊዜ ያህል የቀጠነ፣ ውፍረቱ ከ5 እስከ 7 ማይክሮን የሆነ የከሰል ክር ነው፤ ሙጫው ኢፖክሲ ይባላል። ሠራተኞች በሙጫ የተነከሩ ስስ ንጣፎችን እየቆረጡ፣ አንዱን በቁመት፣ አንዱን በሰያፍ እያነባበሩ በብረት ቅርጽ ውስጥ ይደረድራሉ፤ ከዚያ በሙቀትና በግፊት ይበስላል። አብዛኛው ድርደራ የሚሠራው በእጅ ነው።

ክሩ በተኛበት አቅጣጫ ብቻ ስለሚበረታ የቸርኬው ጥሩነት የሚወሰነው በንጣፎቹ አደራደር ነው፤ እሱን ደግሞ ከውጭ ሆኖ ማየት አይቻልም። ከላይ ጥቁርና አንጸባራቂ የሆኑ ሁለት ቸርኬዎች ውስጣቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል። በአንዱ ውስጥ የአየር አረፋ ቀርቶ ይሆናል፤ በሌላው የራጂ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ በቂ ንጣፍ አልተጨመረ ይሆናል። አሉሚኒየም እንዲህ አይደብቅም። ስም የሌለው ርካሽ የካርቦን ቸርኬ ከመግዛት ደህና አሉሚኒየም መግዛት ይሻላል የምለውም ለዚህ ነው፤ በዚህ ነጥብ ላይ ከማንም ጋር ለመከራከር ዝግጁ ነኝ።

አሁን ወደ ክብደቱ። ለተራራ መንገድ የሚሆን፣ በ29 ኢንች መጠን የተሠራ የካርቦን ቸርኬ ለብቻው ከ400 እስከ 480 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ተመጣጣኙ አሉሚኒየም ብዙውን ጊዜ ከ480 እስከ 560። ከመሃለኛው ሞዞና ከራጂ ጋር የፊትና የኋላው ተደምሮ በካርቦንና በአሉሚኒየም መካከል 300 ግራም ያህል ልዩነት ማግኘት የተለመደ ነው። ይህ 300 ግራም ምን ያደርጋል?

65 ኪሎ የሚመዝን ሰው 14 ኪሎ በሚመዝን ሳይክል ላይ ተቀምጧል እንበል፤ ድምሩ 79 ኪሎ ነው። ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ጉልበቱ በአብዛኛው የሚውለው ያንን 79 ኪሎ ወደ ላይ ለማንሳት ነው። 300 ግራም የ79 ኪሎ 0.38 በመቶ ነው። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ዳገት ላይ የሚያተርፈው ከሁለት ሰከንድ እምብዛም አይዘልም። ግማሽ ሊትር ውሃ ቀንሶ መነሣት ከዚህ የበለጠ ሸክም ያቀልላል።

«የሚሽከረከር ክብደት ይለያል» የሚል ይኖራል፤ ትክክል ነው። ቸርኬ ወደፊት ከመሄዱም ሌላ ስለሚዞር፣ ፍጥነት ለመጨመር በምንረግጥበት ቅጽበት በዳርቻው ያለ አንድ ግራም እንደ ሁለት ግራም ይቆጠራል። ስለዚህ 300 ግራሙ 600 ሆነ፤ ከ79 ኪሎ አንድ በመቶ አልሞላም። ያውም ፍጥነት ስንጨምር ብቻ። በእኩል ፍጥነት ዳገት ሲወጣ የመሽከርከሩ ጉዳይ ምንም አይጨምርም። በጠባብ ኩርባ እየቆመ እየተነሣ ለሚነዳ ሰው ግን ልዩነቱ በእግር ይሰማል፤ ሳይክሉ ቶሎ ይታዘዛል። ስሜቱን አልክድም፣ እኔም ወድጄዋለሁ።

ሁለት ሰከንድ ሙሉ ሕይወት የሚሆንላቸው ሰዎች አሉ። ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጀመረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ እሱ በተወዳደረበት ዓለም ግራም ይቆጠራል። የተራራ ሳይክል ውድድርም እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ ወደ ኦሎምፒክ ከገባ ወዲህ እንዲሁ ነው። እሑድ ጠዋት ታቦር ወጥቶ ሐይቁን አይቶ የሚወርድ ሰው ግን ለሁለት ሰከንድ የሁለትና የሦስት እጥፍ ዋጋ ሊከፍል አይገባም።

ታዲያ ካርቦን ምን ይሰጣል? ለጋሼ ዛሬ ቢሆን እንዲህ እላቸው ነበር፦ አይንሻፈፍም። አሉሚኒየም ድንጋይ ሲመታው ይጎደጉዳል፤ በሳምንቱ ሌላ ጉድጓድ፣ በወሩ ቸርኬው ይወላገድና ሠሪው ዘንድ ተወስዶ ራጂ ይጠበቃል፣ ይላላል። የካርቦን ቸርኬ አቅሙ እስካልታለፈ ድረስ ተመልሶ እንደነበረ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ወደ ጎን አይተጣጠፍም፤ አላሙራን በሰያፍ ሲወርዱ ፊተኛው ጎማ የተጠቆመበትን መስመር ይይዛል። አመድ በበዛበት አፈር ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋውም አለው፤ ድርቀቱ መጠን ሲያልፍ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጎማው ከድንጋይ ድንጋይ ይነጥራል። ጥሩ አምራቾች አሁን ሆን ብለው ቸርኬውን ወደ ላይና ወደ ታች ትንሽ እንዲለመጥ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

ግራም መቀነስ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ከቸርኬ በፊት የሚታይ ቦታ አለ፤ የውስጥ ጎማው። ለ29 ኢንች የሚሆን ተራ የውስጥ ጎማ አንዱ 200 ግራም ያህል ይመዝናል። እሱን አውጥቶ፣ የቸርኬውን ቀዳዳዎች በልዩ ፕላስተር አሽጎ፣ ቱብለስ ማድረግና 100 ግራም ያህል ማሸጊያ ፈሳሽ መጨመር ይቻላል። በሁለቱ ጎማ ከ150 ግራም በላይ ይቀንሳል። የካርቦን ቸርኬ ከሚቀንሰው ግማሽ ማለት ነው፤ በጥቂት ብር።

ቱብለስ ለሐዋሳ ከክብደት በላይ ነው። የግራር እሾህ ሲገባ ፈሳሹ ወደ ቀዳዳው ሮጦ ይረጋና ይዘጋዋል፤ ማታ ቤት ገብታችሁ ጎማው ላይ አምስት እሾህ ትቆጥራላችሁ፣ አየሩ ግን እንዳለ ነው። የውስጥ ጎማ ሲሆን ድንጋይ ሲመታው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ሁለት ቀዳዳ ያወጣ ነበር፤ ያ ችግር ከውስጥ ጎማው ጋር አብሮ ይቀራል። ባልጩት የጎማውን ጎን ሲቆርጠው ግን ፈሳሹ አይደርስለትም፤ ስለዚህ አንድ የውስጥ ጎማ በቦርሳ መያዝ ግድ ነው። ፈሳሹም በእኛ ፀሐይ ይደርቃል። በበጋ በየሁለት ሦስት ወሩ ከፍቶ ማየት፣ ከሌለ መጨመር ያስፈልጋል። ይህን የዘነጋ ሰው ቱብለስ አይሠራም ብሎ ያማርራል።

የጎማ ነፋስም እዚህ ይገባል። ከሐዋሳ ተነሥቶ በሻሸመኔና በዶዶላ አድርጎ ባሌ የሚወጣ ሰው ይህን ልብ ይበል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ከፍ ባልን ቁጥር ውጭ ያለው አየር ስለሚሳሳ በጎማው ውስጥ የተዘጋው አየር የበለጠ ይገፋል። ሐዋሳ ላይ በ22 ፒ.ኤስ.አይ. የተነፋ ጎማ ሳነቴ ላይ ከሦስት በላይ ሊጨምር ይችል ነበር፤ የአምባው ብርድ ግማሽ ያህሉን መልሶ ይወስደዋል። የቀረው አንድ ተኩል ያህል ጭማሪ ለመኪና ጎማ ኢምንት ነው። ለተራራ ሳይክል ግን ጎማው ድንጋዩን አቅፎ መሄዱና ከድንጋዩ ላይ መንጠሩ የሚለየው በዚህችው ነው። ከላይ ስትደርሱ ትንሽ ልቀቁለት፤ ስትወርዱ መሙላት አትርሱ፤ ባነሰ ነፋስ ድንጋይ መምታት የካርቦን ቸርኬ ዋነኛ ገዳይ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። መጀመሪያ የሚታየው መጠን ነው። የድሮው 26 ኢንች ጎማ የሚቀመጥበት ዲያሜትር 559 ሚሊ ሜትር፣ የ27.5 ኢንቹ 584፣ የ29 ኢንቹ 622 ነው። በከተማችን መደብሮች በብዛት ያለው 26 ነው። 29 የመረጠ ሰው የውጭ ጎማውን አስቀድሞ ማስቀመጥ አለበት፤ ሆኖም 622 የአስፋልት ሳይክል 700 የሚባለው ጎማ መጠን ስለሆነ፣ ሲቸግር የዚያ የውስጥ ጎማ ተለጥጦ ቤት ያደርሳል። ስፋቱን በተመለከተ የውስጥ ወርዱ ከ28 እስከ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ቸርኬ ከ2.3 እስከ 2.5 ኢንች ጎማ ጋር ይስማማል። ከዚያ የጠበበ በዝቅተኛ ነፋስ ጎማውን ያወላውላል።

ራጂ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የሳይክል ጎማ የሚቆመው በራጂዎቹ ውጥረት ነው። እያንዳንዱ ራጂ 100 ኪሎ ያህል ይጎተታል፤ 28 ራጂ ያለው ቸርኬ ገና ማንም ሳይቀመጥበት ወደ ሦስት ቶን የሚጠጋ ጉተታ ተሸክሟል። ክብደት ለመቀነስ ሲባል የራጂ ቁጥሩ ባነሰበት ቸርኬ ላይ አንዱ ሲበጠስ የቀሩት ይንገዳገዳሉ። 28 ወይም 32 ይሁን። ጫፉ የተቆለመመው የተለመደው ዓይነት ይሁን፤ ቀጥ ያለ ልዩ ራጂ ሐዋሳም አዲስ አበባም አይገኝም ብሎ ማሰብ ይሻላል። ራጂውን ከቸርኬው ጋር የምታያይዘው ትንሿ ዳዶ ደግሞ የነሐስ ትሁን። የአሉሚኒየሟ ትቀልላለች፤ ሆኖም ካርቦንና አሉሚኒየም እርጥበት ሲያገናኛቸው አሉሚኒየሙን የሚበላ ዝገት ይፈጠራል። የሐይቁ ዳር ጭቃና የክረምቱ ዝናብ ይህን ያፋጥናል። በነሐስ የሚጨመረው በሁለቱ ጎማ 40 ግራም ያህል ነው። ከሸክም ሁሉ ይህን 40 ግራም በደስታ እሸከማለሁ።

ሞዞውን የሚመርጥ ሰው ድምፁን ሳይሆን ኩሽኔታውን ይጠይቅ፤ ማንኛውም የኩሽኔታ ሱቅ የሚያውቀው ቁጥር የተጻፈበት ከሆነ በየትም ይተካል። የኋላው ጥርስ የሚገባበት ክፍልም ያው ነው። የቆየው የሺማኖ ዓይነት ስምንት፣ ዘጠኝና አሥር ጥርስ ያላቸውን ርካሽ ስብስቦች ይቀበላል፤ አዲሶቹ ባለ አሥራ ሁለት ብቻ የሚቀበሉት ግን ባለቤታቸውን ለውጭ ሻንጣ ያስገዙታል። የፍሬኑ ዲስክ በስድስት ቡሎን የሚታሰር ቢሆን ይመረጣል፤ ቁልፉ የትም አለ።

ስለ ዋስትናም እውነቱ ይነገር። ትልልቅ አምራቾች ዕድሜ ልክ የሚል ዋስትና ይሰጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው። ዘመድ በሻንጣ ላመጣላችሁ ወይም ሌላ ነድቶት ለሸጠላችሁ ቸርኬ ያ ወረቀት አይሠራም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጋሼ ያደረጉትን አድርጉ። አጥባችሁ አድርቁት፤ በእጅ ባትሪ ከጎን እያበራችሁ የራጂ ቀዳዳዎቹን ዙሪያና የጎማ መቀመጫውን ከንፈር ተመልከቱ፤ ከዚያ በሳንቲም እያንኳኳችሁ ዙሩት። ድምፁ ጥርት ብሎ ሲመጣ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ከታፈነ እዚያ ውስጥ ንጣፎቹ ተለያይተዋል። ቱብለስ ከሆነ በኋላ በራጂ ቀዳዳ በኩል ፈሳሹ የሚያልብ ከሆነም አንድም ፕላስተሩ ተቀዷል፣ አንድም ቸርኬው ተሰንጥቋል። ፕላስተሩን ቀይራችሁ አሁንም ካለበ አትንዱት።

የእኔ ቸርኬ መጨረሻው የታወቀው በሁለተኛው ዓመት ነው። አላሙራን ስወርድ የኋላው ጎማ ድንጋይ መታ፤ ነፋሱን አሳንሼው ነበር። ሳይክሉ አልቆመም፣ ቤት ገባሁ። በማግሥቱ ሳንኳኳው አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ዝም አለ።

ወደ ጋሼ ይዤው ሄድኩ። አልፈረዱብኝም። «የኋላው ነው የሚመታው፤ አንተ የምትቀመጠው በእሱ ላይ ነው» አሉኝ። ሁላችንም ልናስበው የሚገባን ነገር ነበር። ክብደታችን ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል ድንጋዩን አብዝቶ የሚቀበለው የኋላው ነው፤ መስመር የሚመርጠው ደግሞ የፊተኛው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የፊት ጎማዬ ካርቦን፣ የኋላው 32 ራጂ ያለው ጠንካራ አሉሚኒየም ነው። ከ300 ግራሙ ግማሽ ያህሉን መለስኩ፤ የካርቦኑን ቀጥተኛነት በሚጠቅመኝ በኩል አስቀረሁ፤ የኋላው ሲጎደጉድ ጋሼ በሚያውቁት መንገድ ያቃኑታል።

አዲሱን ሲወጥሩ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። በግራ በኩል ያሉትን ራጂዎች አንድ በአንድ በጥፍራቸው ይመታሉ፣ ድምፁ የወረደውን ሩብ ዙር ይጠብቃሉ፣ እንደገና ይመታሉ። ክራር የሚቃኝ ሰው ነው የሚመስሉት። ሲጨርሱ ከእያንዳንዱ ርዝመት ሦስት ሦስት ትርፍ ራጂ አስቆጠሩኝና በፕላስተር ከፍሬሙ ታችኛ ቱቦ ጋር አብረው ጠቀለሉልኝ። የእኛ ገበያ ራጂ ለ26 ስለሆነ ለ29 አይደርስም።